የግቢ ውሻና የበዓል እርድ

በበዓል ቀን በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ የቋጠረ ሆኖ ሲገኝ፥ ባለቤቱ ተጸይፎ ለግቢው ውሻ መወርወሩ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው በካርቱም ጀሪፍም ሆነ በሌላ ስፍራ፥ እርዱና ውሻው በአንድ ግቢ እስከተገናኙ ድረስ አደጋው ያው ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ማደሪያ ነው። ውሻው ከበላው ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ፥ በአንጀቱ ያደጉት፥ ርዝመታቸው 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ትሎች ዕንቁላላቸውን ከዓይነ ምድሩ ጋር ማውጣት ይጀምራሉ። ውሻው አይከሳም፥ መብሉንም አይጠላም፤ ስለዚህ ጌታው ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል። ዕንቁላሉ ግን በጠጉሩና በግቢው አፈር ላይ ይቀራል፤ ከውሻው ጋር የተጫወተ ሕፃንም እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ ይውጠዋል። በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ የሚያድገው ከረጢት ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቆይቶ፥ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ይሆናል። ብዙ ሰው በሽታው ከበጉ ሥጋ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ለሰው የሚያስተላልፈው ግን ውሻው ነው።

አባቶች ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ለውሻቸው ያሰበ ግን ብዙም አልነበረም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በየ6 ሳምንቱ ቢሰጥ ትሉን ይገድላል፤ ዕንቁላሉን ስለማይገድል ግን በዚያ ሰሞን የሚወጣው ዓይነ ምድር ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቀብሮ መወገድ አለበት።

ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ምንም ወጪ የለውም። በቄራ ይህን የሚለይ የሥጋ መርማሪ አለ፤ በግቢ እርድ ላይ የለም። ስለዚህ የከተማው ጤና ሹሞች ከፋሲካ አስቀድመው ጉዳዩን በራዲዮና በየቀበሌው ሊያስነግሩ ይገባል።