ከከርነል ማሻሻያ በኋላ የሚደርቅ ኮምፒውተር እና የ«ፎርማት» ልማድ

በምርምር ጣቢያዎችና በድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራዎች ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ኮምፒውተር በየጊዜው እየደረቀ ሲያስቸግር በቅድሚያ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዲስኩ ይጠረጋል፣ ሥርዓቱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሰላም ይሆናል። ችግሩ የጀመረው ከሊኑክስ ከርነል ማሻሻያ በኋላ ከሆነ ግን ይህ ልማድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። አዲስ የተጫነው ሥርዓት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ማሻሻያዎቹን ሲያወርድ ያንኑ ከርነል መልሶ ያመጣዋል፤ የድርቀቱን ሰዓትና ሁኔታ ይመሰክር የነበረው መዝገብ ግን ከዲስኩ ጋር ተጠርጓል።

ጉዳዩ ከከተማ ይልቅ በመስክ ይከብዳል። በስምጥ ሸለቆ፣ ከባቱ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አዳሚ ቱሉ የእንስሳት ወይም የአትክልት መረጃ የሚሰበስብ አንድ ተማሪ ለአብነት ይወሰድ። ቀን የሰበሰበውን ሌሊት ያሰላል፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶት ያድራል። ጠዋት ሲመለስ የኃይል መብራቱ ይበራል፣ ማያው ግን ጨልሟል፤ የቁልፍ ሰሌዳውም አይመልስም። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መብራት ኃይል፣ ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሁለቱም ጥርጣሬዎች ምክንያታዊ ናቸው፣ ሁለቱም በቀላሉ ይጣራሉ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደሆነ የጣቢያው ጥበቃ ያውቃል። ሙቀት ከሆነ ደግሞ ድርቀቱ ስሌቱ በተፋፋመበት ሰዓት ላይ ይበረታል ተብሎ ይጠበቃል። የስሌቱ ውጤት ፋይል በሙሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ የሥርዓቱ መዝገብ የመጨረሻ መስመር ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የተቋረጠ ከሆነ፣ ማሽኑ የደረቀው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ነው።

ይህ እንግዳ ነገር ቢመስልም በደንብ የታወቀ ታሪክ አለው። ቤይ ትሬይል የተሰኘው የኢንቴል ትውልድ በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ በአተምና በሴሌሮን ስም በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ተሠራጭቷል። የእነዚህ ማሽኖች ባለቤቶች ከርነላቸውን ሲያሻሽሉ ኮምፒውተሮቻቸው በዘፈቀደ መድረቅ ጀመሩ። በከርነሉ የስሕተት መዝገብ በቁጥር 109051 የተከፈተው አቤቱታ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ወደ ጥልቅ የዕረፍት ደረጃ ሲወርድና ሲመለስ ማሽኑ ይደርቅ ነበር። ተጠቃሚዎች ያገኙት ማስታገሻ ዕረፍቱን ከመጀመሪያው ደረጃ እንዳያልፍ የሚያግድ አንድ የቡት ቅንብር ሲሆን ዋጋው የባትሪ ዕድሜ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም ሥራ በፈቱበት ሰዓት የመድረቅ ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦባቸዋል፤ በብዙዎቹ ዘንድ መፍትሔው የተገኘው በባዮስ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ ያለውን የኃይል አቅርቦት ከሚወስን ቅንብር ነው። እንዲህ ባሉ ጉዳዮች አዲሱ ከርነል ጥፋተኛ ነው ወይስ በሃርድዌሩ የነበረውን ድካም ገላጭ የሚለው ጥያቄ ለፍልስፍና የቀረበ ነው። ለተማሪው የሚበጀው ግን የቀድሞው ከርነል ሲመለስ ድርቀቱ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ነው።

ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም። ኡቡንቱን የመሰሉ ሥርዓቶች የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይሰርዙም፤ በግራብ ምናሌ ውስጥ መርጦ ማስነሣት ይቻላል። አስቀድሞ ግን ድርቀቱ እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥ። ከማስታወሻው አቅም በላይ የሆነ ዳታ በአር ወይም በፓይተን የጫነ ሰው ማሽኑ ወደ ዲስክ ሲመላለስ እንደ ደረቀ ሊቈጥረው ይችላል። የካፕስ ሎክ መብራት ሲነካ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ መግባት ከተቻለ፣ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የሞተው ምናልባት የማሳያው ክፍል ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ሊያፍሩበት የሚገባው ስሕተት የሚፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። በሜዳ ሙከራ ላይ ድግግሞሽና መቆጣጠሪያ የሚጠይቅ ሰው የራሱን ኮምፒውተር በአንድ ቀን ምልከታ «ዳነ» ይለዋል። ማሽኑ በአማካይ በ2 ቀን አንድ ጊዜ የሚደርቅና ድርቀቶቹም አንዱ ከሌላው የማይያያዙ ከሆኑ፣ ምንም ሳይታከም አንድ ቀን በሰላም የመዋል ዕድሉ 61 በመቶ ገደማ ነው። ዕድሉ ወደ 5 በመቶ የሚወርደው 6 ቀን ያለ ድርቀት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ከርነል ተነሥቶ ቢያንስ ለ6 ቀን ሊጠበቅ ይገባል፤ በእነዚህም ቀናት ባዮስ፣ ኬብልም ሆነ የማስታወሻ ካርድ አይነካ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም።

ጥፋተኛውን የኮድ ለውጥ ለይቶ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። በሁለት ተከታታይ የከርነል እትሞች መካከል ከ10,000 በላይ ለውጦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለውጦቹን እየከፈሉ በመፈተሽ 14 ያህል ሙከራ ይበቃል። ሆኖም «ደኅና ነው» የሚባለው እያንዳንዱ ሙከራ 6 ቀን የሚፈጅ ከሆነ ድካሙ ወራትን ሊበላ ይችላል። ይህን ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ከሚታገል ተማሪ መጠበቅ ግፍ ነው። የትምህርት ክፍሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ግን፣ በተለይም አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ማሽኖች በብዛት ተገዝተው እንደሆነ፣ ሙከራውን በብዙ ማሽኖች ላይ አከፋፍሎ ጊዜውን ማሳጠር ይችላል። በጅምላ የተገዛ ዕቃ በጅምላ ይታመማልና፣ የአንዱ ተማሪ ምልከታ ለሌሎቹ መድኃኒት ነው።

«እንግዲህ ማሻሻያን ጭራሽ ማቆም ይሻላል» የሚሉ አሉ። የኢንተርኔት ክፍያና የተቆራረጠ ግንኙነት ሲታሰብ ሐሳቡ ማራኪ ነው። ነገር ግን የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእነዚሁ ማሻሻያዎች ነው፤ የተጠቀሱት ድርቀቶች መታረሚያም በአብዛኛው የመጣው በኋለኞቹ እትሞች ነው። ይልቅ ተማሪው ለመስክ ከመውጣቱ ከ2 ሳምንት በፊት ያሻሽል፤ በከተማ ሳለ ማሽኑን ያለ ሥራ እያሳደረ ይፈትነው፤ ከዚያም እስኪመለስ ከርነሉን ባለበት ይያዘው።

የመስክ ማስታወሻ ደብተር ዝናብንና ሙቀትን ለመመዝገብ ዓምድ አለው። ለከርነሉ እትም፣ ለማሻሻያው ቀን፣ ድርቀት ለተከሰተበት ሰዓትና ማሽኑ በዚያ ሰዓት ይሠራው ለነበረው ሥራ አንድ ገጽ መጨመር ወጪ የለውም። ያ ገጽ ከቀድሞው ከርነል የ6 ቀን ምልከታ ጋር ተያይዞ ለሥርጭቱ አዘጋጆች ሲላክ፣ «ኮምፒውተሬ ይደርቃል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ባለሙያ ሊመረምረው የሚችል ሪፖርት ይሆናል።