የበረዶው ነብርና የበጎቹ ባለቤት



በሂማላያ ተራሮች የሚኖረው የበረዶ ነብር ስለ መመናመኑ ሲነገር፣ ጥፋቱ ሁሉ ቆዳ ሊሸጥ በሚያድነው ሰው ላይ ሲጣል እሰማለሁ። ሕንድ በ2024 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር) በገለጸችው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ቆጠራ የተገመቱት 718 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 477ቱ በላዳክ ይገኛሉ። ቆዳ ነጋዴ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ነብሩ በሌሊት ክዳን ወደሌለው በረት ዘሎ ሲገባ፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ በግ ገድሎ አይበቃውም፤ መንጋው በድንጋጤ ሲተራመስ ብዙውን ይፈጃል። ጅብ ጋጣውን የሰበረበት ያገራችን ገበሬ ይህን ለመረዳት እንደኔ ያለ አስተማሪ አያሻውም። ማለዳ የበጎቹን ሬሳ የቆጠረ አርቢ ወጥመድ ቢያጠምድ፣ ሕግ ጠቅሶ መገሠጽ ምን ይፈይዳል?

በላዳክ የተሻለ ዘዴ ተገኝቷል። የበረቱ ጣራ በሽቦ መረብ ይሸፈናል፤ ነብሩን ለማየት የሚመጣው አገር ጎብኚም በመንደርተኛው ቤት አድሮ ይከፍላል። በስፒቲ ሸለቆም አርቢዎች ገንዘብ እያዋጡ ለከብቶቻቸው መድን አቁመዋል። ስለዚህ ለአራዊት ጥበቃ ገንዘብ የሚለግሱ ሁሉ ከዘበኛ ደመወዝ አስቀድመው የሽቦውን ዋጋ ቢያስቡ መልካም ነው፤ ዘበኛ ያን ሁሉ ገደል ሊያዳርስ አይችልምና።