አልጌውን ከመግደል ምግቡን መቀነስ

ባሕር በሌላት አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በጠመንጃ ያዥ አካባቢ በሚገኝ ሳሎን ውስጥ፣ የኮራል አኳሪየም ማኖር የባሕሩን ውሃ ራሱን በእጅ ማዘጋጀትን ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ አልጌ ድንገት ሲስፋፋ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ማጥፊያ ኬሚካል መጨመር ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

የአልጌው መብዛት ምልክት እንጂ መነሻ አይደለም። መነሻው ከተረፈ ምግብና ከዓሦች እዳሪ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት እንዲሁም ከመጠን ያለፈ ብርሃን ነው። ተገድሎ በገንዳው ውስጥ የቀረ አልጌ ሲበሰብስ የያዘውን ንጥረ ነገር ለውሃው ይመልሳል፤ ኦክስጅኑንም ይፈጃል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ዓሦቹም ኮራሉም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ሁለተኛው ስሕተት በመለኪያ ውጤት መዘናጋት ነው። ገንዳው በአልጌ ተሸፍኖ ሳለ የፎስፌት መለኪያው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ አልጌው ቀድሞ ወስዶታልና። ሊመረመር የሚገባው በውሃው ውስጥ የቀረው ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚገባውም ነው። በአንጻሩ ንጥረ ነገርን ፈጽሞ ማሟጠጥ ኮራሉን ያስርባል፤ ለዳይኖፍላጀሌት መስፋፋትም ሊያመቻች ይችላል። የተሻለው መንገድ አልጌውን በእጅ ነቅሎ ማውጣት፣ ምግብና የብርሃን ሰዓት መቀነስ፣ የተጣራ ውሃ መጠቀምና አልጌ በል ቀንድ አውጣዎችን ማኖር ነው። ውጤቱ ሳምንታት ቢወስድም ይጸናል።

ነገሩ ከሳሎን አያልፍም የሚል ካለ የከተማዋን ወንዞች ይከተል። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም በአዋሽ በኩል ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ በቆቃም ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዛማ ሳይኖባክቴሪያ ውሃውን አረንጓዴ ያለብሰዋል። በዚያም ቢሆን ከግድቡ የተቀዳ ናሙና ብቻውን የችግሩን ምንጭ አያሳይም። ተመራማሪዎች ከግድቡ ይልቅ በገባሪ ወንዞቹ ላይ ቢያተኩሩ፣ መፍትሔውም በዚያው ቢጀመር ይበጃል።