ሞዴሉ ስንት ነው?

ቶም ክሩዝን የማያውቅ እጁን ያውጣ! እሺ፣ ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ቶፕ ገን» በካሴትም ይሁን በሲዲ ያየ ሰው፣ ከሰውየው መነጽርና ሞተር ብስክሌት ቀጥሎ የሚያስታውሰው ያቺን ክንፏን ወደ ኋላ የምታጥፍ ጄት ነው። ኤፍ-14 ቶምካት ትባላለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2006 ጡረታ አውጥቷታል። የዛሬ ጨዋታዬ ስለ እውነተኛዋ አይደለም፤ የጃፓኑ ታሚያ በ1/32 መጠን ስለሠራት ተገጣጣሚ ፕላስቲክ ነው።

1/32 ቀልድ አይደለም። እውነተኛዋ 19 ሜትር ስለሆነች ሞዴሏ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች። ክንፏ ሲዘረጋ 61፣ ሲታጠፍ 36 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ሰዎች መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን የት እንደምታደርጉት አስቡ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይቺ ሞዴል መጀመሪያ የወጣችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በኋላ «ብላክ ናይትስ» ተብላ ተሻሽላ ተመለሰች። ብላክ ናይትስ ቪኤፍ-154 የተባለው ጓድ ቅጽል ስም ሲሆን፣ ጓዱ ከ1991 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ አጹጊ በተባለ ሰፈር ስለነበረ የጃፓን ልጆች በአጥር እያዩት ነው ያደጉት፤ ምርጫው ይገባኛል። አዲስ ሳጥን፣ አዲስ የጓድ ምልክቶች፣ ጥቂት አዳዲስ ክፍሎች አሏት። ቆዳዋ ግን ያው የድሮው ነው።

ቆዳ ስል ምን ማለቴ ነው? እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ላሜራና ላሜራ ሲገናኝ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። የዛሬ ሞዴሎች ይህን መስመር ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሠሩታል። የዚችኛዋ መስመር ግን ወደ ውጭ ያበጠ ነው፣ ጀርባዋ ላይ ክር የተለጠፈ ይመስል። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ቀለም ሲቀባ ማን ያየዋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን የአካሏን ግማሾች አጣብቃችሁ፣ መገጣጠሚያውን በስቱኮ ደፍናችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ስትጀምሩ ነው። ያበጠው መስመር አብሮ ይፋቃል! ከዚያ ወይ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ወይ ሁሉንም ፍቃችሁ በመርፌ አዲስ መስመር ትጭራላችሁ። በዚህ የሚያክል አካል ላይ ሥራው የስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

በቁጥርም እንየው። አንድ ያበጠ መስመር ቁመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው እንበል። በ32 ሲባዛ እውነተኛዋ ላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ጉብታ ይሆናል። እንዲህ የጎበጠች ጄት ማን ያበርራል? (የጠለቀውም መስመር ቢሆን የተጋነነ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥላ ይይዛል፣ ዓይንም ይቀበለዋል።)

ታሚያ ለምን አላስተካከለውም? ነገሩ ያለው ፎርማው ላይ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ያበጠው መስመር ብረቱ ፎርማ ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው፤ ቦይ መቆፈር ቀላል ነው። የጠለቀ መስመር ለማውጣት ግን ብረቱ ላይ ቀጭን ግድግዳ ተርፎ ዙሪያው በሙሉ መጠረብ አለበት። ስለዚህ የቆየውን ፎርማ ጠጋግኖ ማዳን አይቻልም፣ እንደ አዲስ ማሠራት ነው። ያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። አልፈርድበትም።

የምፈርደው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ነው። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ የተመረተበትን ዓመት ሳይሰማ ብሩን አያወጣም። መጽሐፍ እንኳ ሲታተም «ሁለተኛ እትም» ተብሎ የመጀመሪያው ዓመት ይጻፍበታል። የሞዴል ሳጥን ላይ ግን ሥዕሉ ሁሌም አዲስ ነው፣ የፎርማውን ዕድሜ ማንም አይነግራችሁም። ታሚያ ብቻ አይደለም፣ የሙያው ሁሉ ልማድ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ስንት ያስወጣል? የ40 ዓመት ፎርማ መሆኑን አውቆ የሚገዛ ሰው አይከፋም፤ የሚከፋው ቤቱ ገብቶ ክዳኑን ሲከፍት የሚያውቀው ነው።

ደግሞ እኮ ታሚያ መሥራቱን ያውቅበታል! በ2016 ይቺኑ ኤፍ-14ኤን በ1/48 መጠን ከዜሮ ጀምሮ ሠርቷት መስመሯ ጠልቆ፣ አካሏ አምሮ ወጥታለች። 40 ሴንቲ ሜትር ብትሆንም ከታላቋ እህቷ የበለጠ አውሮፕላን ትመስላለች።

እና ትገዛ? እጁ ሥራ የሚወድ፣ መርፌና ትዕግሥት ያለው ሰው ይግዛት። ክንፏ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ማየት ብቻውን ልጅ ያደርጋል፣ ግዝፈቷም ክፍል ይሞላል። ገጣጥሜ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በወር ውስጥ መደርደሪያ ላይ አቆማታለሁ የሚል ግን የ1/48ቷን ይውሰድ። ቴሌቪዥኑም ካለበት አይነሳም።