ሳይቃጠል በቅጠል ያላለ ዓለም

የሰርቦችንና የአልባኒያውያንን እልቂት ‹‹የጥንት ቂም ነው›› ብለው የሚደመድሙ ተንታኞችን አልቀበልም። ቂም ብቻውን ጦር አይሰብቅም፤ ሰባቂ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሚሎሼቪች የኮሶቮን የራስ ገዝ ሥልጣን ገፈፈ። ኢብራሂም ሩጎቫ ለዓመታት በሰላም ታገለ፤ የቦስኒያን ጦርነት የቋጨው የ1995ቱ የዴይተን ስምምነት ግን የኮሶቮን ጥያቄ ወደ ጎን ተወው። ወጣቱ አልባኒያዊ ከዚህ ምን ይማር? የሚደመጠው ጠመንጃ ያነሣ መሆኑን ተማረ! በ1998 የሰርብ ኃይሎች በፕሬካዝ ሴቶችንና ሕፃናትን ጭምር ሲፈጁ፣ ወደ ኮሶቮ ነፃ አውጪ ጦር የሚጎርፈው በዛ። በ1999 የኔቶ አውሮፕላኖች ለ78 ቀናት ደበደቡ። ከዚያም ተራው የሰርቦች ሆነና ተሰደዱ፤ በ2004 አብያተ ክርስቲያናታቸው ጋዩ። በዳይና ተበዳይ ቦታ ስለተለዋወጡ ፍትሕ ሰፈነ አይባልም። ገዳዮቹ ይጠየቁ፤ ሰላማዊውን ጩኸት ሰምቶ እንዳልሰማ ያለፈው ዓለም ግን ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይገባውም።