የእንጀራ ብሩሽና የልብ ብሩሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል ይሥላል። የእግዜር ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ቀን የሰው ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ማታ አሳታሚው ያዘዘኝን ጥንቸል ስሥል፣ የራሴ የምለውን መቼ ልሥል?» ሲል መለሰልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚሁ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነበር። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጅየው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ቢጀምርም፣ ልቡ ሥዕል ላይ ስለ ነበረ አቋረጠው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ሲመለስም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ረቂቅ ሥዕል ለብዙው ሰው እንግዳ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የማስተማሩ ደመወዝ ብሩሹን ከገዢ ፊት ከማጎንበስ ያዳነለት ይመስለኛል። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ አገር ቢሞትም፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

እርግጥ ነው፣ ደመወዝ እንጀራ ይሰጣል እንጂ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ወዳጄን፣ «ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለራስህ ሥዕል ለይ፤ በዚያ ቀን ትእዛዝ አትቀበል» አልሁት። ሁለተኛም ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተዋዋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስምህ በሥራህ ላይ እንዲጠቀስ መብት ሰጥቶሃልና።

ትእዛዝንም መናቅ አይገባም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳኑን ከላይ፣ ከፋዩን ባለጸጋ ከግርጌ ሰግዶ ይሥሉ ነበር፤ ቢሆንም የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ይለያል።

በመጨረሻ፣ «ለመሆኑ ያ ጥንቸል ምን ይመስላል?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ዓይኑ የአያቴን ዓይን ይመስላል» አለኝ።

«እንግዲያስ የራስህን መሣል ጀምረሃል» አልሁት። ሥራውን ይልቀቅ አይልቀቅ ግን እስካሁን አልነገረኝም።