የጎደለን አካል መመለስ ጌጥ አይደለም

ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት፣ ከተራዊህ ሶላት በኋላ አንድ የሰፈራችን ሰው ከባለቤቱ ጋር መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ሸኽዬ፣ አንድ ነገር ልንጠይቅዎ ነው» አለኝ። እሷ ትንሽ ራቅ ብላ አንገቷን ደፍታለች።

ከዓመት በፊት በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቷ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል። ኬሞቴራፒውንም የጨረር ሕክምናውንም ጨርሳለች፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟ ከሆዷ ሥጋና ቆዳ ተወስዶ ጡቷ እንደገና ሊሠራላት እንደሚችል ነግሯታል። ባሏ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የጤና መድን አለው። መድን ሰጪው ጡቱን ለማስወገድ የወጣውን ገንዘብ ከፍሏል። መልሶ ለመሥራት ሲጠየቅ ግን «ይህ ለውበት ነው፤ ውላችን አይሸፍነውም» ብሎ መለሳቸው። ባልና ሚስቱ ያላቸውን ሸጠውም ቢሆን ሊያሠሩት አስበዋል። አስቀድመው ግን ሐላል መሆኑን ማወቅ ፈለጉ።

እኔም ቸኮልኩ። «እህቴ፣ አላህ ነፍስሽን አትርፎልሻል፤ የቀረውን በሶብር ያዢው» አልኳት። «እሺ ሸኽዬ» ብላ ሄደች።

ቤት ገብቼ ስቀመጥ መልሴ ቆረቆረኝ። መድን ሰጪው «ውበት ነው» አለ፤ እኔ ደግሞ «ሶብር አድርጊ» አልኩ። ቃሉ ይለያይ እንጂ ሁለታችንም በር ዘጋንባት። በማግስቱ ባለቤቴ ልትጠይቃት ሄደች። ሴቲቱ በጡቷ ቦታ ጨርቅ ጠቅልላ እንደምታስገባ፣ ሱጁድ ስታደርግ ጨርቁ እየተንሸራተተ ስለሚያሳፍራት ተራዊህ መምጣት እንዳቆመች ነገረቻት። ያን ምሽት የመጣችው ለጥያቄው ብቻ ነበር። ይህን ስሰማ ወደ ኪታቦቼ ተመለስኩ።

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስቦች የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ ታሪክ ይገኛል። ይህ ሶሃባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ውጊያ አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ አሠራ፤ ሸተተበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ እንደማይፈቀድ የምናውቅ ሁሉ የዚህን ክብደት እንረዳለን። «ያለ አፍንጫም መኖር ይቻላል» አላሉትም።

ዑለማዎችም በዚህ ላይ ተመርኩዘው የአላህን ፍጥረት በመለወጥና የጎደለውን በመመለስ መካከል ይለያሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዢያ ፑትራጃያ ባደረገው ጉባኤ፣ የተወገደን ጡት መልሶ መሥራት ከተፈቀዱት ሕክምናዎች ውስጥ በግልጽ አስቀምጦታል። ባለቤቷን ጠርቼ ስህተቴን ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩ።

የእኔ ስህተት በአንድ ቀን ተስተካከለ። የመድኑ ግን በውል ላይ የተጻፈ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1998 በጸደቀ የፌዴራል ሕግ፣ ጡት የማስወገድ ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍን የጤና መድን መልሶ መሥራቱንም እንዲሸፍን ይገደዳል። ሁለቱ ጡቶች እንዲመጣጠኑ በሌላኛው ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጡትና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው የክንድ እብጠት ሕክምናም በሕጉ ተካተዋል። ታካሚዋ ከኪሷ የምትጨምረው ድርሻ አይቀርም፤ ከመድን ሰጪው ጋር መከራከሩም እንዲሁ። ሕጉ ግን ጡትን መልሶ መሥራት የካንሰሩ ሕክምና አካል መሆኑን ቆርጧል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ድሃ ቤተሰብ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ከማልቀስ አድኗል። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዋጣበት በመሆኑ ለመተጋገዝ ትምህርታችን ቅርብ ነው። ሆኖም ከማይሸፍናቸው ነገሮች አንዱ የውበት ቀዶ ሕክምና ነው። የግል መድን ውሎችም ይህንኑ ሲያስቀሩ እናያለን። ማስቀረቱ በራሱ ትክክል ነው፤ የአንዱ ጌጥ በሌላው መዋጮ አይከፈልም። ችግሩ ካንሰር የወሰደውን አካል መመለስና ጤነኛ አካልን ማሳመር በአንድ ቃል ሲጠሩ ነው።

«ኬሞቴራፒ የሚጠብቅ ሰው እያለ ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታይ ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ጋ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የሕዝብ መዋጮ ነፍስ ማዳንን ማስቀደም አለበት። ነገር ግን በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጡትና ያበጠ ክንድን የሚይዝ ማሰሪያ የቀዶ ሕክምናን ያህል ወጪ አይጠይቁም። ከእነሱ መጀመር ይቻላል። በየዓመቱ አረቦን የሚሰበስብ የግል መድን ደግሞ ግማሹን ሕክምና ከፍሎ ግማሹን «ጌጥ» የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሠራተኞቻችሁ የቡድን መድን የምትገዙ አሠሪዎች፣ ውሉን ስታድሱ «ከበሽታ ወይም ከአደጋ በኋላ መልሶ የመጠገን ሕክምና» የሚል አንድ መስመር እንዲገባ ጠይቁ። በዚህ ላይ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መድኑ ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሐኪማችሁ ሕክምናው የካንሰሩ ተከታይ መሆኑን በደብዳቤ ይግለጽ፤ እምቢታው በቃል ብቻ ከሆነ አትመለሱ። ዘካ የምታወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለሕክምና ተበድረው መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ዘካ ከሚገባቸው መካከል እንደሆኑ አስታውሱ። የእናንተ ዘካ ግን መድን ሰጪው ግዴታውን የሚጥልበት ሰበብ መሆን የለበትም።

ለእኛ ለኢማሞች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ሁሉም ሴት ይህን ሕክምና አትፈልግም፤ ያልፈለገችውን አንገፋም። የፈለገችውን ግን ሶብርን መዝጊያ አድርገን አንመልሳት። ሶብር ሕመሙን ለተሸከመ ሰው ስንቅ ነው እንጂ መብቱን ለከለከለው ወገን መሸሸጊያ አይደለም።

ባልና ሚስቱ የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዘው ለመድን ሰጪው እንደገና አመልክተዋል። እስከዛሬ መልስ አላገኙም። በዚህ ረመዳን ዱዓ ስታደርጉ አትርሷቸው።